«እህል አልወርድ አለኝ»፦ ምግብ ቀርቦለት የማይበላ ሰው አጠገብ የሚቀመጠው ማን ነው?

ሊበን በአገራችን የቅርብ ታሪክ ውስጥ ጎልታ የገባችው በአንድ የምግብ ጠብ ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የሠፈሩ ወታደሮች አመፁ። ያን ቀን ሥልጣን አልጠየቁም፤ የጠየቁት ውሃና ምግብ ነበር። የተራው ወታደር የጉድጓድ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም አሉ። ቀለቡም የሚቀመስ አልነበረም። ነገሩን እንዲያዩ ከአዲስ አበባ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለ ሲደርሱ ወታደሮቹ ያዟቸውና ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። ጄኔራሉ በዚያ ሰበብ እንደታመሙ ይነገራል። በቀጣዮቹ ሳምንታት አመፁ ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛመተ፤ የቀረውን ሁሉም ያውቀዋል።

የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን የሚያነሱት ለአብዮቱ መንደርደሪያ እንዲሆናቸው ነው። ቆም ብሎ ላየው ግን ሌላ ነገርም አለው። ነገሌ ላይ ያን ቀን ሳህኑ አቤቱታ ማቅረቢያ ሆኖ ነበር። ሰው በምግብ ይናገራል። ሲጋብዝ ይናገራል፣ ሲያጎርስ ይናገራል፣ ማዕድ ረግጦ ሲወጣም ይናገራል። የዛሬው ጽሑፍ ስለዚህ የመጨረሻው ንግግር ነው።

ሊበን እህል ጠፍቶ የሚመጣውን ረሃብ አሳምራ ታውቀዋለች። አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሽፈው የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደር ከብቱን በየመንገዱ ጥሎ የሄደበት ጊዜ ገና ትናንት ነው። እህል ላጣ ሰው መንግሥትም ረድኤት ድርጅቶችም መመሪያ አላቸው፤ ሚዛኑ፣ የክንድ መለኪያው፣ ወተቱ፣ ሁሉም በደረጃ ተጽፏል። እህሉ ፊቱ ተቀምጦ «አልወርድ አለኝ» ለሚለው ሰው ግን ምን ተጽፏል?

ለዚህ ሕመም የአውሮፓ ሐኪሞች በወጉ ስም ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1873 እና በ1874 ነው። በፓሪስ ላሴግ፣ በለንደን ዊልያም ገል፣ ከአንድ ዓመት ባልበለጠ ልዩነት ምግብ እምቢ እያሉ ስለሚመነምኑ ወጣት ሴቶች ጻፉ። ዛሬ የምንጠቀምበትን «አኖሬክሲያ ነርቮሳ» የሚለውን ስም ያጸደቀው ገል ነው። የገል ማዘዣ አስገራሚ ነበር። መድኃኒት ላይ ብዙ ተስፋ አልጣለም። ታማሚዋ በተወሰነ ሰዓት ትመገብ፣ አጠገቧም በእሷ ላይ ተሰሚነት ያላቸው ሰዎች ይሁኑ አለ። ዘመድና ወዳጅ ግን ለዚህ ሥራ ከሁሉ የባሱ አስታማሚዎች ናቸው ሲል ጨመረ።

ይህን የመጨረሻውን ለእኛ አገር እናት ማን ደፍሮ ይነግራታል? እኛ «በሞቴ» የሚባል መድኃኒት ያለን ሕዝብ ነን። አንዲት ጉርሻ ጠብ እንደምታጣላ፣ ሁለት እንደምታፋቅር እየተነገረን አድገናል። ሆኖም እህል አልወርድ ያለው ሰው አጠገብ ቀናት የቆጠረ ቤተሰብ «በሞቴ» አንድ ቦታ ላይ ኃይሉ እንደሚያልቅ ያውቃል። ልመናው ወደ ቁጣ፣ ቁጣው ወደ ለቅሶ ይለወጣል፤ ማዕዱ የጦር ሜዳ ይሆናል። ገል ያየው ይህን ነው።

ያ «አጠገብ የሚቀመጥ ሰው» በመቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ ወደ ሙያ አደገ። ዛሬ በእንግሊዝ አንድ የአዋቂዎች የአመጋገብ መታወክ ክፍል ውስጥ ሐኪም፣ ነርስ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያና ሳይኮሎጂስት ተቀናጅተው ይሠራሉ። ከመሰላሉ ግርጌ ረዳት ሳይኮሎጂስት የሚባል አለ። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር፣ ገና ሳይኮሎጂስት ያልሆነ፣ ብዙውን ጊዜ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ነው። መጠይቅ ያስሞላል፣ ውጤቱን ያሰላል። ታማሚዎችን በቡድን ሰብስቦ ረሃብ አንጎልን ምን እንደሚያደርገው ያስረዳል። በልቶ በማስመለስ ወይም ከልክ በላይ በመብላት ለሚቸገሩት የተጻፈ መመሪያ ይዞ ሳምንት በሳምንት ያግዛል። በየሳምንቱ ደግሞ የሠራውን ሁሉ ይዞ በተቆጣጣሪው ፊት ይቀርባል። በራሱ ምርመራ ወስኖ ስም አይሰጥም፤ ብቻውንም አይተውም።

ሥራው ከላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። አኖሬክሲያ ግን ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ በገዳይነቱ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው። የደም ፖታሲየም ሲወርድ ልብ በድንገት ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ረዳቱ ከሐኪምና ከላቦራቶሪ ጋር ካልታሰረ አደጋ ነው። በእንግሊዝም ቢሆን ይህ የሥራ መደብ ከወቀሳ አላመለጠም፤ ለዓመታት ደመወዝ የማይከፈልባቸው «የክብር» ቦታዎች እየተባሉ ወጣቶች በነፃ ሲሠሩባቸው ስለነበር ብዙ ተጮኾበታል። ቤተሰቡ የሚደግፈው ብቻ የሚገባበት በር ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። «ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ የጥጋብ ነው» የሚለው መልስ ከወዲሁ ይሰማል። ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ አለ፤ ታሪኩም የኢትዮጵያውያን ነው።

እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ባለው ጊዜ በ«ሙሴ ዘመቻ» ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ። ከጎንደር መንደሮች ተነሥተው በእግር ወደ ሱዳን የተጓዙ ነበሩ። በመንገድና በስደተኛ ካምፖች ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። ከደረሱት መካከል ወላጆቻቸውን ኢትዮጵያ ትተው፣ ወይም ሱዳን ውስጥ ቀብረው፣ ብቻቸውን የገቡ ወጣቶች ብዙ ነበሩ። በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ተቀመጡ። ሦስት ጊዜ ምግብ ይቀርብላቸዋል። አንዳንዶቹ መብላት አቆሙ።

ሐኪሞቹ በእጃቸው ያለውን መጽሐፍ ገለጡ። ወጣት፣ ክብደት የሚቀንስ፣ ምግብ እምቢ የሚል፤ መጽሐፉ አኖሬክሲያ ነርቮሳ ይላል። ከእነዚህ ወጣቶች ጋር ይሠራ የነበረው ሳይኮሎጂስት ጋዲ ቤን ኤዘር ግን አንድ ነገር አልገጥም አለው። እነዚህ ልጆች መወፈርን አይፈሩም። በመስታወት ፊት ቆመው ሰውነታቸውን አይጠሉም። ሲጠየቁ የሚናገሩት ስለ ሆዳቸው ነው። ሆዳቸው ሞልቷል። የሞላው በምን እንደሆነ ጠጋ ብሎ ሲሰማ፣ በሐዘን፣ በናፍቆት፣ ላልዳኗቸው ወንድሞቻቸው ባላቸው ጸጸት ነው። ቤን ኤዘር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ ርዕሱን በጥያቄ አቀረበው፦ ይህ አኖሬክሲያ ነርቮሳ ነው ወይስ ኢትዮጵያውያን መከራን የሚቋቋሙበት መንገድ?

አማርኛ ለሚናገር ሰው ይህ ግኝት ሊያስቅም ይችላል። ሆድ ሲብሰን፣ ሆዳችን ሲባባ፣ ነገር በሆዳችን ስንይዝ የኖርን ነን። የማይቀየመው ሆደ ሰፊ ነው፤ ቶሎ የሚያለቅሰው ሆደ ባሻ ነው። የሚነገር ጠፍቶ ምሥጢር ሲከብድ «ሆድ ይፍጀው» ይባላል። በቦረና ኦሮምኛም «ገራ» ማለት ሆድ ነው፤ ርኅራኄ ደግሞ «ገራ ላፊና»፣ የሆድ መለስለስ ይባላል። በዚህ ቋንቋ ያደገ ልጅ ሐዘኑን ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ሩዝና ዶሮ ጨምር ሲሉት ቦታ የለኝም ቢል ምን ይደንቃል? የሐኪሙ መጽሐፍ የተጻፈው ሐዘን በልብ ወይም በጭንቅላት በሚቀመጥበት አገር ነው።

ፈውሱም ከዚያው ወጣ። ልጁን ክብደትህ ይህን ያህል ካልሆነ ከማለት ይልቅ፣ በሆዱ የያዘውን እንዲያወጣ ጊዜና የሚያዳምጥ ሰው መስጠት። እዚህ ላይ የረዳቱ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ያን ሆድ ሊያዳምጥ የሚችለው «ሆዴ ሞላ» ሲባል ጨጓራ ብቻ የማይመስለው ሰው ነው።

ይህ ማለት ግን መደበኛው አኖሬክሲያ ወደ እኛ አይመጣም ማለት አይደለም። ፊጂ ደሴት ላይ እንዲሁ ይባል ነበር። እዚያም እንደ እኛ «ወፈርሽ» ምስጋና፣ «ከሳሽ» የሐዘን ወሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ናድሮጋ በተባለ አውራጃ ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የተባለች ተመራማሪ በዚያው ዓመት የትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ጠይቃ ነበር፤ ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ አንድም አላገኘችም። በ1998 ተመልሳ ስትጠይቅ 11.3 በመቶ ሆነው ቆዩአት። ሦስት ዓመት ብቻ። ስልኳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የወገብ መቅጠኛ ቪዲዮ የሚፈስላት የነገሌ ወይም የሞያሌ ወጣት ከናድሮጋዋ የተለየ አጥር የላትም።

ጾምን ከዚህ ጋር የሚያምታቱም አሉ። ተራው የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፣ ሙስሊሙም ረመዳንን ይጾማል፤ ጾም መጀመሪያና መፍቻ አለው፤ ማኅበር አለው፤ ለታመመ ይፈታል። ችግሩ ጾሙ ላይ አይደለም። ችግሩ ጾም ለማይበላ ሰው ጥሩ መደበቂያ መሆኑ ነው፤ ማንም «ለምን አልበላሽም?» ብሎ አይጠይቃትም።

ረሃብ ራሱ በሰው አእምሮ ላይ የሚሠራውን ዓለም በሥርዓት ያወቀው በጦርነት ሰበብ ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1944 ጀምሮ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣቶችን ሰበሰበ። በሃይማኖትና በኅሊና ምክንያት ጦር አንይዝም ያሉ ፈቃደኞች ነበሩ። ለስድስት ወር ያህል በቀን ወደ 1,570 ካሎሪ ብቻ እየበሉ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን እንዲያጡ ተደረገ። ዓላማው ጦርነቱ ሲያልቅ የተራበውን አውሮፓ እንዴት መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር።

ሰዎቹ ሲጀምሩ ደስተኞችና ብሩህ ነበሩ። ወራት ሲገፉ ሌላ ሰው ሆኑ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስባሉ። አንድ ሳህን ምግብ ለሁለት ሰዓት ያህል እየቆራረጡ፣ ውሃ እየጨመሩ ይቆያሉ። ከሰው ይሸሻሉ፣ ይቆጣሉ፣ በጥቃቅን ነገር ያለቅሳሉ። አንዱ የገዛ ጣቶቹን በመጥረቢያ ቆረጠ። ምግቡ ከተመለሰላቸው በኋላም አንዳንዶቹ ለወራት ያለ ልክ ይበሉ ነበር፤ ሲያገግሙም ወፍረናል ብለው የተጨነቁ አሉ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1950 በሁለት ትልልቅ ጥራዞች ታተመ። ዛሬ በየትኛውም የአመጋገብ መታወክ ክፍል ረዳት ሳይኮሎጂስቱ ለታማሚው የሚነግረው የመጀመሪያ ትምህርት ከዚህ የተወሰደ ነው፦ «ከዚህ ግትርነት፣ ከዚህ ጭንቀት ብዙው የአንተ ባሕርይ አይደለም፤ የረሃቡ ነው።» ይህን መስማት ብዙዎችን ያሳርፋል።

ከዚሁ ጦርነት ሌላም መራራ እውቀት ተገኘ። ከእስር ካምፖች የወጡ የተራቡ ሰዎች ነፃ አውጪዎቻቸው በርኅራኄ ጠግበው እንዲበሉ ሲያደርጓቸው ሞቱ። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ምግብ በአንድ ጊዜ ሲጎርፍበት በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት ይወርዳል፣ ልብና ሳንባ ይከዳሉ። ለዚህ ነው የለንደኑ ሆስፒታል አኖሬክሲያ ያለባትን ሴት መመገብ በጥቂት በጥቂቱ የሚጀምረው።

ይህን ሕግ ከለንደን ነርስ ባላነሰ የምታውቅ ሠራተኛ ሊበን ውስጥ አለች። ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው ጁባ የሚሆኑበት ዶሎ አዶ፣ በሶማሌ ክልል ሊበን ዞን። እ.ኤ.አ. በ2011 በሶማሊያ ረሃብ ሲታወጅ ከድንበሩ ማዶ የተሰደደው ሕዝብ የፈሰሰው ወደዚያ ነው። ቦኮልማዮ በ2009፣ መልካ ዲዳ በ2010 ተከፍተው ነበር፤ በ2011 ብቻ ኮቤ፣ ሒለወይን እና ቡራሚኖ ተጨመሩ። ኮቤ ላይ ረሃቡና ኩፍኙ ተደራርበው ሕፃናት በብዛት ሞቱ። በማረጋጊያ ማዕከሎቹ የገባ ሕፃን መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 የሚባለው ወተት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ ያለው፣ ሆን ተብሎ የቀጠነ። ሰውነቱ ሲረጋጋ ነው ወደ ኤፍ-100 ወይም ወደ ለውዝ ቅባቱ የሚሸጋገረው። እናትየዋ «ልጄ ተርቦ ለምን ቀጭን ወተት ትሰጡታላችሁ?» ስትል ማስረዳት የዚያች ሠራተኛ ሥራ ነው። የማይጠጣውን ሕፃን ለማባበል፣ ልቧ የዛለውን እናት ለማበርታት አጠገቧ የምትቀመጠውም እሷ ነች። አብዛኞቹ ጥቂት ሳምንት ሠልጥነው የገቡ የአካባቢው ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ክህሎቱ በእጃችን አለ። የሚያሳዝነው ክህሎቱ የሚቆምበት የዕድሜ ወሰን ነው። ያቺው ሠራተኛ ከብቶቹ ያለቁበት፣ የምግብ ርዳታው ቤቱ ደርሶ እህል አልወርድለት ያለ የሃምሳ ዓመት አባወራ ቢያጋጥማት የምትመዘግብበት ቅጽ የላትም። ለነርሶችና ለጤና መኮንኖች የአእምሮ ጤናን የሚያስተምረው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ ኢትዮጵያም የተቀበለችው፣ በ2010ም ሆነ በተሻሻለው የ2016 እትሙ ስለ ድባቴ፣ ስለ ሳይኮሲስ፣ ስለ ሚጥል በሽታ፣ ስለ ሱስ ምዕራፍ አለው። ለአመጋገብ መታወክ ምዕራፍ የለውም።

«ታዲያ በአካባቢው ሕመሙ ስለሌለ ይሆናል» የሚል ካለ የቦረናን ጥናት ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በቦረና ከፊል አርብቶ አደሮች መካከል 1,854 ሰዎችን በኦሮምኛ በተዘጋጀ መጠይቅ ጠየቀ። ጠያቂዎቹ ሠልጥነው የተሰማሩ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣቶች ነበሩ። ከተጠየቁት 21.6 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው የሆነ የአእምሮ ሕመም ወይም የሱስ ችግር እንደገጠማቸው ተገኘ። ስኪዞፍሬኒያ ግን አንድም አልተገኘም። በዓለም ላይ የሌለበት ሕዝብ የማይታወቅ ሕመም ቦረና ላይ ጠፋ! አዲስ አበባ ያሉት ተመራማሪዎች ዝም ብለው አልተቀበሉትም። ተመልሰው ሄዱና በመጠይቁ ፈንታ የአገር ሽማግሌዎችንና ሰው አዋቂዎችን «ማራታ የምትሉት ምን ዓይነቱን ነው? ማን አለ?» ብለው ጠየቁ። ታማሚዎቹ ተገኙ። በ2010 የታተመው ይህ ሁለተኛ ጥናት የኢትዮጵያ ሳይካትሪ ከሠራቸው ትሑት ሥራዎች አንዱ ነው ቢባል አያንስበትም፤ የራስን «የለም» ተጠራጥሮ ስድስት ዓመት ሳይሞላ እንደገና መፈተሽ የተለመደ አይደለምና። ስለ አመጋገብ መታወክ ግን ገና የመጀመሪያውን ጥያቄ እንኳ ይዞ በየደጁ የሄደ የለም።

ሰው የለም እንዳይባል፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ በሳይኮሎጂ ያስመርቃሉ። ከተመራቂው ብዙው ባንክ ቤት ገንዘብ ቆጣሪ፣ ሰው ሀብት ክፍል ጸሐፊ፣ ወይም ሥራ ፈላጊ ሆኖ ይቀራል። በሆስፒታል ውስጥ ሊገባበት የሚችል፣ በተቆጣጣሪ ሥር የሚሠራ የረዳትነት መደብ አልተዘጋጀለትም። ይህች አገር ግን እንዲህ ዓይነቱን ዝላይ ከዚህ በፊት ዘልላለች። ሳይካትሪስቶቿ በጣት የሚቆጠሩ በነበሩበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ አማኑኤል ሆስፒታል ነርሶችን በሳይካትሪ ማሠልጠን ጀመረ። «ሐኪም ሳይሆኑ እንዴት?» ተብሎ ነበር። ዛሬ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው የአእምሮ ሕክምና በአብዛኛው የቆመው በእነዚያ ነርሶች ትከሻ ላይ ነው።

የአመጋገብ መታወክ ይከብዳል፣ በረዳት አይሞከርም ለሚሉም ማስረጃ አለ። የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲው ግሌን ዎለርና ባልደረቦቹ አሥር ክፍለ ጊዜ ብቻ ያለው የንግግር ሕክምና አዘጋጁ፤ ክብደታቸው አደገኛ ደረጃ ላልወረደ አዋቂዎች የታሰበ ነው። ሕክምናውን እንዲሰጡ የተደረጉት ሙሉ ፈቃድ ያላቸው ቴራፒስቶች ሳይሆኑ ቁጥጥር የሚደረግላቸው ረዳቶች ነበሩ። በ2018 ባሳተሙት ውጤት መሠረት ታማሚዎቹ ያሳዩት ለውጥ እጥፍ ጊዜ ከሚወስደው ሕክምና ጋር የሚቀራረብ ነበር። ክብደታቸው በጣም የወረደው ግን አሁንም የሆስፒታል ናቸው።

ነገሌ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ሲታመም የሚሄድበት መንገድ ይታወቃል። መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተብሎ መድኃኒት ይታዘዛል። ቀጥሎ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ። ከዚያ እንደ ሃይማኖቱ ጠበል ወይም ሼህ። በመጨረሻ፣ ብር ከተገኘና መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ወደ አዲስ አበባ። ከነገሌ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለሳምንታት እህል ያልቀመሰ ሰው ከጎኑ እናቱን ወይም ወንድሙን አስቀምጦ፣ በፌስታል የተያዘ ዳቦ ሳይነካ፣ በአውቶቡስ የሚሄደው።